ሦስት ባንዲራ ያውለበለበች መርከብ

ጆን ማክዱጋል አተርተን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወጣት መኮንን ነበር። የሚያገለግለው «ሜሬዲት» በምትባል አውዳሚ መርከብ ላይ ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 1942 ሜሬዲት በፓሲፊክ ወዳለችው ጓዳልካናል ደሴት የሚሄድ የአውሮፕላን ነዳጅ ስታጅብ የጃፓን አውሮፕላኖች ደረሱባት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ።) አውሮፕላኖቹ የተነሱት «ዙይካኩ» ከተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው። ሜሬዲት ብዙም ሳትቆይ ሰጠመች። የተረፉት ሰዎች በዘይት ተለውሰው፣ ቆስለው፣ ሻርክ በሚዞርበት ባሕር ላይ ሦስት ቀን ተንገላቱ። አተርተን አልተመለሰም።

ሰባት ወር አለፈ። ሜይ 27 ቀን 1943 ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ኒውአርክ በሚገኘው የፌዴራል መርከብ ግንባታ ድርጅት፣ አዲስ አጃቢ የጦር መርከብ ውሃ ላይ ወረደች። ስሟ «አተርተን» ተባለ። የክርስትና እናቷ ሆነው የቆሙት የሟቹ እናት፣ ወይዘሮ ኮርኔሊያ አተርተን ናቸው።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጁን 14 ቀን 1955፣ ይህችው መርከብ ለጃፓን ተሰጠች። የሟቹ ስም ከላይዋ ተነስቶ የጃፓን ስም ተጻፈባት። የጃፓን ባንዲራ ተሰቀለባት። ልጃቸውን የገደለው አገር ባሕርተኞች በእነዚያው አልጋዎች ላይ ተኙ።

ይህቺ መርከብ ልቤ ውስጥ የገባችው እዚህ ላይ ነው። ስለ እሷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አንድ ሌሊቷ ነው። ሌሊቱ ሊነገር ይገባዋል፣ እኔም እነግራችኋለሁ። ግን መርከቧ ከዚያ ሌሊት በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ ኖራለች። ያንን ሁሉ ዘመን ማን አቆያት? እንዴት? ሥራዬ የናፍጣ ጄኔሬተር ጥገና ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። አንድ ሞተር ሃያ ዓመት ሲሠራ እንኳ ከጀርባው እጁ የቆሸሸ፣ ልቡ ያልደከመ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከሞተሩ ልጀምር።

በ1942 አሜሪካና እንግሊዝ ትልቁ ራስ ምታታቸው አትላንቲክ ላይ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን ተራ በተራ ያሰጥማሉ። መፍትሔው ይታወቃል፦ መርከቦቹ በቡድን፣ በኮንቮይ ይሂዱ፣ ዙሪያቸውን አጃቢ ይቁም። ግን አጃቢው ከየት ይምጣ? ትልልቆቹ አውዳሚ መርከቦች ውድ ናቸው፣ ለመገንባትም ጊዜ ይፈጃሉ። አነስ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ሰርጓጅ ለማደን ብቻ የታሰበ መርከብ በብዛት ማምረት አስፈለገ።

ማነቆው ደግሞ ብረት አልነበረም። ማርሽ ነበር። የእንፋሎት ተርባይን በጣም ፈጥኖ ይዞራል፣ የመርከብ ፕሮፔለር ግን ዝግ ብሎ መዞር አለበት። በመሃል ግዙፍ የፍጥነት መቀነሻ ማርሽ ያስፈልጋል። የዚያን ማርሽ ጥርስ በትክክል የሚቆርጡ ማሽኖች ጥቂት ነበሩ፣ ያሉትም በሌላ ሥራ ተይዘዋል። መሐንዲሶቹ ታዲያ ማርሹን ዘለሉት። የናፍጣ ሞተር ጄኔሬተር ያዙር፣ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ይስጥ፣ ኤሌክትሪኩ ሞተር ያዙር፣ ሞተሩ ፕሮፔለሩን ያዙር። በቃ። አተርተን ሆዷ ውስጥ የነበሩት አራት የጄኔራል ሞተርስ ናፍጣ ሞተሮች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 16 ሲሊንደር። ተመሳሳይ ሞተር በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥም ይሠራ ነበር።

በመጀመሪያው ሐሳብ ሞተሮቹ ስምንት ነበሩ። ግን በዚያው ሰሞን ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያወርዱ ጀልባዎችና መርከቦችም ናፍጣ ሞተር በገፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቁጥሩ በግማሽ ተቀነሰ። ጉልበቷ 6,000 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቷ 21 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ላይ ወጥቶ ሲሄድ ከዚያ ያነሰ ስለሚፈጥን ይበቃታል። ርዝመቷ 93 ሜትር ግድም፣ ወርዷ ከ11 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሠራተኞቿ ወደ 216። «ካነን» በሚባለው በዚህ ዓይነት 72 መርከቦች ተሠርተው አለቁ።

አስቡት እስቲ። ማርሽ ስለጠፋ የተመረጠ ሞተር ነው መርከቦቹን ዕድሜ የሰጣቸው። ናፍጣ ሞተር ከእንፋሎት ቦይለር ይልቅ ለድሃ ባሕር ኃይል ይመቻል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ቶሎ ይነሳል፣ አንዱ ሲበላሽ በሌሎቹ መሄድ ይቻላል። መለዋወጫውም ከሌላ ቦታ ይገኛል። ማንም በ1943 ይህችን መርከብ ሰባ ዓመት ትኑር ብሎ አልሠራትም።

አተርተን ኦገስት 29 ቀን 1943 አገልግሎት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ተኩል በአብዛኛው ማጀብ ነው፦ ካሪቢያን፣ አትላንቲክ፣ ሜዲትራኒያን። የአጃቢ ሕይወት እንዲህ ነው። ሶናሩ ድምፅ ይልካል፣ አንድ ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የሚመለሰውን ይጠብቃል። ዓሣ ነው? ድንጋይ ነው? የሰመጠ መርከብ ነው? ወይስ ብረት ውስጥ የተደበቁ ሃምሳ ሰዎች? ይህን ለሰዓታት፣ ለቀናት፣ ለወራት። ምንም ካልተፈጠረ ሥራው ተሳካ ማለት ነው።

ሌሊቱ የመጣው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

ሜይ 4 ቀን 1945 የጀርመኑ አድሚራል ዶኒትዝ ሰርጓጅ መርከቦቹ ውጊያ አቁመው እንዲመለሱ አዘዘ። ሂትለር ሞቷል፣ በርሊን ወድቃለች። በማግስቱ ግን «ዩ-853» የተባለው ሰርጓጅ መርከብ በአሜሪካ ዳርቻ፣ ሮድ አይላንድ ፊት ለፊት ነበር። አዛዡ ሄልሙት ፍሮምስዶርፍ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ፖይንት ጁዲት አጠገብ ድንጋይ ከሰል የጫነችውን «ብላክ ፖይንት» በቶርፔዶ መታት። የኋላዋ ክፍል ተገነጠለ። 12 ሰው ሞተ፣ 34 ተረፉ። አቅራቢያው የነበረችው «ካሜን» የተባለች የዩጎዝላቪያ የጭነት መርከብ በሬዲዮ አስጠነቀቀች።

አተርተን በዚያ ሰዓት ኮንቮይ አጅባ ኒውዮርክ ካደረሰች በኋላ ለዕረፍትና ለጥገና ወደ ቦስተን እያመራች ነበር። አብረዋት በዚያው ንድፍ የተሠራችው እህቷ «አሚክ» እና የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች የሚነዷት ፍሪጌት (ሌላ ዓይነት አጃቢ የጦር መርከብ) «ሞበርሊ» ነበሩ። ወዲያው ዞሩ። የአተርተን አዛዥ ሌተናንት ኮማንደር ሉዊስ ኢዝሊን በሲቪል ሕይወቱ ቀራጺ ነው። ድንጋይና ነሐስ የሚቀርጽ እጅ ያን ምሽት አደን ይመራ ነበር።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ የአተርተን ሶናር አንድ ነገር አገኘ። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ አርባ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ይህ ለሁለቱም ክፉ ነው። ሰርጓጁ ወደ ታች የሚሸሽበት የለውም፣ ወለሉ ላይ ተኝቶ ድምፁን ማጥፋት ብቻ ነው ያለው። አጃቢዋም የምትጥለው የጥልቅ ውሃ ቦምብ ቅርብ ስለሚፈነዳ ራሷን ይንጣታል። መሣሪያዋን ይበትንባታል።

አተርተን ቦምቦቿን ጣለች። ከዚያ ሄጅሆግ የሚባለውን መሣሪያ ተጠቀመች። ቦምቡ ከመርከቧ ኋላ የሚጣል ነው፣ ሰርጓጁ ላይ ስትደርስ ሶናሩ ይጠፋባታል፣ በግምት ነው የምትጥለው። ሄጅሆግ ግን 24 ጥይቶችን ወደ ፊት ይወረውራል፣ ሶናሩ ዒላማውን እንደያዘ። ጥይቱ የሚፈነዳው ብረት ከነካ ብቻ ነው። ጸጥታ ከሆነ ስተሃል ማለት ነው። ድምፁ ጠፋ፣ ተፈለገ፣ ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብሎ እንደገና ተገኘ። አተርተንና ሞበርሊ እየተፈራረቁ መቱት።

ሲነጋ ውሃው ላይ ዘይት፣ የእንጨት ስብርባሪ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ የአዛዥ ባርኔጣ ተንሳፈፈ። ከሌክኸርስት የመጡ ሁለት በጋዝ የሚንሳፈፉ የባሕር ኃይል አየር መርከቦች ከላይ ሆነው ቦታውን አረጋገጡ። ጥቃቱ እስከ ሜይ 6 ረፋድ ቀጠለ። ሰርጓጁ ውስጥ የነበሩት 55 ሰዎች አንድም አልተረፉም። በማግስቱ፣ ሜይ 7፣ ጀርመን ሬምስ ላይ እጅ መስጠቷን ፈረመች። ዩ-853 ትእዛዙን ሰምቶ ይሆን? የሚመሰክር ሰው አልቀረም።

የዚህ ሰርጓጅ ሌላ ዕዳ አለ፣ እሱ ነው እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ከብላክ ፖይንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 23፣ ሜን ግዛት ዳርቻ ላይ «ኢግል 56» የተባለች ትንሽ የአሜሪካ ጠባቂ መርከብ ለሁለት ተሰንጥቃ ሰመጠች። 49 ሞቱ፣ 13 ተረፉ። የባሕር ኃይሉ አጣሪ ቡድን «ቦይለሩ ፈንድቶ ነው» ብሎ ዘጋው። ከተረፉት አንዳንዶቹ ሰርጓጅ መርከብ በዓይናችን አይተናል፣ ማማው ላይ ቀይና ቢጫ ምልክት ነበረው ብለው መስክረዋል። የዩ-853 ምልክት በቢጫ ጋሻ ላይ ያለ ቀይ ፈረስ ነው። ቃላቸው አልተሰማም። ጥፋቱ የማሽኑ ተባለ። ማሽኑ ጥፋተኛ ሲባል ደግሞ ማን ጥፋተኛ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፦ ማሽኑን የያዙት ልጆች። ስማቸው የተጸዳው በ2001 ነው። ከ56 ዓመት በኋላ ባሕር ኃይሉ መዝገቡን አረመ፣ መርከቧ በጠላት እጅ እንደጠፋች አመነ፣ ለሞቱትና ለቆሰሉት የሚሰጠው ሜዳልያም ተሰጠ። ከሞቱት የብዙዎቹ ወላጆች ይህን አላዩም። እኔ ይህን ታሪክ ለማንም የሞተር ሰው ሳልነግር አላልፍም።

በ1960 ደግሞ አንድ ጠላቂ ከዩ-853 ውስጥ የአንድ ጀርመናዊ ባሕርተኛ አጽም አወጣ። ነገሩ ቁጣ አስነሳ፣ አጽሙም ኒውፖርት ውስጥ በወታደራዊ ክብር ተቀበረ። የቀሩት እዚያው ታች ናቸው።

አተርተን ከዚያ ወደ ፓሲፊክ ሄደች፣ ግን ጦርነቱ አለቀ። እዚህ ላይ ስለ እህቷ አሚክ ላንሳ፣ ዕጣቸው እስከ መጨረሻው የተሳሰረ ነውና። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945፣ ጃፓን ቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ላይ እጅ በሰጠችበት በዚያው ቀን፣ በፓላው ደሴቶች የነበረው የጃፓን ጦር አዛዥ ሌተናንት ጄኔራል ሳዳኤ ኢኖዌ እጅ መስጠቱን የፈረመው አሚክ ላይ ነው።

ዲሴምበር 10 ቀን 1945 አተርተን ከአገልግሎት ወጣች። ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ፣ ከመቶዎች መርከቦች ጋር ወንዝ ላይ ታሰረች። ማሰር ሲባል መጣል አይደለም። ክፍተቶቿ ይታሸጋሉ፣ ውስጧ ያለው እርጥበት በማሽን ይደርቃል፣ መድፎቿ ይሸፈናሉ፣ ብረቱ ይቀባል። ዘጠኝ ዓመት ተኩል እንዲህ ቆየች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩን ያሳጥረዋል፣ እኔ ግን ለእነዚያ አሻጊዎች ትልቅ ክብር አለኝ። ቆሞ የሚውል ሞተር ከሚሠራ ሞተር በላይ ይበላሻል። አንድ ወር ሳይነሳ የቆየ ጄኔሬተር የሚያመጣውን ጣጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ 1955። ጃፓን የባሕር ራስ መከላከያ ኃይሏን ያቋቋመችው ጁላይ 1 ቀን 1954 ነው። ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። የራሷ አሮጌ መርከቦች ወይ ሰጥመዋል፣ ወይ ፈርሰዋል፣ ወይ ለአሸናፊዎች ተከፋፍለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መርከቦቿ የአሜሪካ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ 18ቱ ፍሪጌቶች የራሳቸው ጉድ ያለው ታሪክ አላቸው፦ አሜሪካ ገንብታቸው፣ በ1945 አላስካ ላይ ለሶቪየት ኅብረት ሰጥታቸው፣ ሶቪየቶች በ1949 መልሰዋቸው፣ በኋላ ለጃፓን የተላለፉ ናቸው። ጦርነቱ መርከቦችን እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ያዞር ነበር።

ጁን 14 ቀን አተርተን «ሃትሱሂ» ሆነች፣ ቁጥሯ 263። አሚክ «አሳሂ» ሆነች፣ ቁጥሯ 262። የጃፓን ጄኔራል እጅ የሰጠባት ወለል አሁን የጃፓን መርከብ ወለል ነው። በአዲሱ ባሕር ኃይል ውስጥ ከነበሩት መኮንኖች ብዙዎቹ በአሮጌው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ናቸው። ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ ያለችን መርከብ ለማስጠም ይወጡ የነበሩ ሰዎች አሁን ዘይቷን ይለውጣሉ፣ የሲሊንደር ክዳኗን ይፈታሉ፣ ሶናሯ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

እናትየዋን አስባለሁ። ወይዘሮ አተርተን ምን ተሰምቷቸው ይሆን? በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ስሜት አለኝ፣ ሁለቱንም እውነት ነው የምለው። አንደኛው ቅሬታ ነው። የሞተ ልጅን ስም ከመርከብ ላይ ማንሳት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ግን ያመዝንብኛል። መርከቧ ታሽጋ ወንዝ ላይ ከምትዝግ፣ ወይም ተቆራርጣ ምላጭ ከምትሆን፣ ትናንት ጠላት የነበረ ሰው በእጁ ቢጠግናት ይሻላል። ሃያ ዓመት ጠገኗት። ሃትሱሂ እስከ 1975 ድረስ በጃፓን ባሕር ኃይል አገልግላለች፣ በአሜሪካ እጅ በሥራ ላይ ከቆየችበት ከሁለት ዓመት ከምናምን ጋር አይወዳደርም።

ከእሷ ዓይነት መርከቦች መካከል ጦርነቱ ሳያልቅ የተላለፉም አሉ። ስድስቱ ለነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች፣ ስምንቱ ለብራዚል ተሰጥተዋል። ከፈረንሳዮቹ አንዷ «ሴኔጋሌ» ናት። በሜይ 1944 አልጄሪያ ዳርቻ ላይ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር ሆና ዩ-371ን ስታሳድድ በቶርፔዶ ኋላዋን ተመታች። አልሰመጠችም። ሰርጓጁ ግን ሰመጠ። የሦስት አገር መርከቦች አንድን ሰርጓጅ አብረው ሲያድኑ፣ ከመካከላቸው ፈረንሳይኛ የሚነገርባት ራሷ አሜሪካ ሠራሽ ነበረች።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቀድሞው ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ባለሙያ ነበሩ። ምጽዋ ላይ ያገለገሉት «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ነው። እሷም ቀድሞ የአሜሪካ ነበረች። ስሟ «ኦርካ»፣ የባሕር አውሮፕላኖችን የምትደግፍ መርከብ፣ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት የጀመረች፣ በፓሲፊክ ጦርነት ያለፈች። አጃቢ አይደለችም፣ ግን ቁመቷ ከአተርተን በሁለት ሜትር ብቻ ይበልጣል፣ የምትሄደውም በናፍጣ ነው። በጃንዋሪ 1962 ለኢትዮጵያ ተላለፈች፣ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆነች፣ ዕጩ መኮንኖች ሠለጠኑባት። ጋሼ ሞተሮቹ ላይ የተለጠፉትን የእንግሊዝኛ ሰሌዳዎች ቁጥራቸውን ሳይቀር በቃላቸው ያወርዱልኝ ነበር። ጄኔሬተር ስፈታ አጠገቤ ቆመው፣ ብሎን በተራ አስቀምጥ፣ ጨርቅህን አትርሳ፣ የዘይቱን ሽታ እየው ይሉኛል። መርከብ ላይ የተማሩት ሥርዓት ነው። መርከቢቱ በ1991 ወደ የመን ሄደች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ አልጽፈውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

አተርተን ግን ሌላ ዕድል ነበራት። ጃፓን በ1975 ሁለቱን እህትማማቾች ለአሜሪካ መለሰች፣ አሜሪካ ደግሞ ለፊሊፒንስ አሳልፋ ሰጠቻቸው። ደቡብ ኮሪያ ተወስደው ታደሱ። በፌብሩዋሪ 1980 በፊሊፒንስ ባሕር ኃይል ሥራ ጀመሩ። አተርተን «ራጃ ሁማቦን» ሆነች፣ በ1521 ማጄላንን በተቀበለው በሴቡ ገዥ ስም። አሚክ «ዳቱ ሲካቱና» ሆነች።

እዚያ የጠበቀቻቸው ሦስተኛ እህት አለች። «ዳቱ ካላንቲያው» ትባላለች፣ ቀድሞ የአሜሪካ «ቡዝ»፣ በ1967 ለፊሊፒንስ የተሰጠች። በሴፕቴምበር 1981 ክላራ የተባለው አውሎ ነፋስ ከሰሜን ፊሊፒንስ ካላያን ደሴት ጋር አጋጫት። ከ97 ሰዎች 79ኙ ሞቱ። ከጀርመን ሰርጓጅ ተርፋ፣ ከጦርነት ተርፋ፣ ነፋስ ወሰዳት። አሚክም በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአገልግሎት ወጣች። ራጃ ሁማቦን ብቻዋን ቀረች።

በ1993 እሷም ወጣች። አበቃ ተባለ። ግን ተጠግና በ1996 ተመለሰች። ይህን ጥገና የሠሩትን ሰዎች ስም ብፈልግ አላገኘሁም፣ ባገኝ እዚህ በትልቁ እጽፈው ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ብረት ላይ ሥራ መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዱን ቱቦ ስትነካ ሌላው ይፈሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ሽፋን ስትነካው ይፈረፈራል። አዲስ መለዋወጫ ካልተገኘ ከሌላ አሮጌ ይነቀላል፣ እሱም ካልተገኘ በቶርኖ ይወጣል። የሦስት አገር ጠጋኞች በላይ በላዩ ሠርተውበታል፣ ያንዱን አሠራር ሌላው እስኪረዳው ጊዜ ይወስዳል።

በጁን 2011 በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ከቻይና ጋር ያለው ውዝግብ ሲከር፣ ፊሊፒንስ ሁለቱም ወደሚሉን ወደሚሉት ስካርቦሮ ሾል ወደተባለው የባሕር ድንጋያማ ስፍራ መርከብ ለመላክ ወሰነች። የላከችው ራጃ ሁማቦንን ነው። ውሃ ላይ ከወረደች 68 ዓመቷ። ብዙ ጋዜጣ በአሮጊት መርከብ አፌዘ። እኔ ፌዙ አልተዋጠልኝም። አንድ ባሕር ኃይል ያለውን ይዞ ነው የሚወጣው፣ እሷም ስትጠራ ወጣች። ሞተሯ ተነሳ። ለዓለም ዜና የማይሆነው ይህ ነው፣ ለእኔ ግን ዋናው ይህ ነው።

ማርች 15 ቀን 2018 ካቪቴ ውስጥ በሳንግሊ ፖይንት ባንዲራዋ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት ከጀመረች ወደ 75 ዓመት ተጠግቷል። በአሜሪካ፣ በጃፓንና በፊሊፒንስ ባንዲራ ሥር ያገለገሉባት ሰዎች ስንት እንደሆኑ አስቡ። በኒውአርክ የተበየደውን ብረት በዮኮሱካም በካቪቴም ቀለም ቀብተውታል።

ከዚህ ዓይነት መርከብ ዛሬ ገብቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት ቦታ አለው። አንዷ ብራዚል ያገለገለችው «ባውሩ» ናት፣ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ውስጥ ሙዚየም ሆናለች። ሌላዋ «ስሌተር» ናት። በ1951 ለግሪክ ተሰጥታ «አኤቶስ» ተባለች፣ በ1993 ተመለሰች፣ አሁን ኒውዮርክ ግዛት አልባኒ ከተማ ሀድሰን ወንዝ ላይ ቆማለች። በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚንከባከቧት፣ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች። ዝገት ይፍቃሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ የሞተር ክፍሏን ያጸዳሉ። አንድ ቀን ከሄድኩ መድፎቹን በኋላ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ መሰላሉን ወርጄ እነዚያን ባለ 16 ሲሊንደር ሞተሮች፣ ከእነሱ ጋር የተገጠሙትን ጄኔሬተሮችና የማብሪያ ማጥፊያ ሰሌዳውን ማየት ነው የምፈልገው። ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ አብረን ነበር የምንወርደው፣ እሳቸው ደግሞ ሳይጠየቁ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ያዩ ነበር።